አስተያየት ሳይጽፉ መጽሐፍ መመለስ ክልክል ነው

ባምላክን የተቀየምኩት ጥሎኝ ስለሄደ አይደለም። እኔም በጊዜዬ ጥዬ የሄድኩት አለና በዚያ ሰው አልከስም። የተቀየምኩት በአንድ ገጽ ነው። ገጽ መቶ አርባ ሁለት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺን ገጽ ይዤ ተኝቻለሁ፣ ይዤ ተነስቻለሁ።

በዛብሽ እባላለሁ። ጁባ፣ ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር ውስጥ ዘጠኝ ክፍል ያለው ሆቴል አለኝ። ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ባምላክ ደግሞ ፖሊስ ነው፣ ኢንስፔክተር። ከአሥር ዓመት በፊት የዓመት ፈቃዱን ሊያሳልፍ፣ ከወንዙ ማዶ ሸሪካት ሰፈር በቦቴ ውኃ የሚሸጥ ወንድሙ ዘንድ መጣ። የወንድሙ ቤት ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ አላስተኛ አለው። ድልድዩን ተሻግሮ እኔ ጋ አራት ቁጥር ክፍልን ያዘ።

በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ገብቶ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሽንኩርት ልላጥ አለ። ግማሹን ከልጣጩ ጋር ይጥለዋል። እየላጠ ይጠይቀኛል። የት ተወለድሽ? በየት በኩል መጣሽ? መንገድ ላይ ምን በላሽ? ስትወጪ ማን አለቀሰልሽ? ፖሊስ ነው፣ መጠየቅ ሥራው መሆኑን አውቃለሁ። እኔን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ «ለምሳ ምን አለ?» ከማለት በቀር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሌላዋን ሴት ወንድ በወርቅ ይይዛታል፣ በመልክ ይይዛታል። እኔ የተያዝኩት በጥያቄ ነው።

ሠላሳ ቀኑ አለቀና ሄደ። ሁለት ዓመት ተጻጻፍን። እኔ እናገራለሁ፣ ሲና ትጽፋለች። ሲና አስተናጋጄ ናት፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ።

«እትዬ፣ ይሄንንም ልጻፈው?» ትለኛለች ፊቷ ቀልቶ።

«ጻፊው።»

«ፖስታውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«የሌላ ሰው ፊት ይቅላ። ጻፊው።»

ለማንም ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት። ልጄን ዝማሬን በአራት ወሯ ለእናቴ ሰጥቼ ከአገር መውጣቴን። ጡት አጥብቻት፣ ከነጠላዬ ጥለቱን ቀድጄ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስሬላት፣ እናቴ እጅ ላይ አስቀምጫት መሄዴን። ዞሬ ካየሁ እንደማልሄድ ስለማውቅ ዞሬ አለማየቴን።

ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። እህቱ «የሆቴል ቤት ሴት የአባታችንን ደጃፍ አትረግጥም» ብላ መማሏን ከወንድሙ ሰማሁ። ይሁን አልኩ። ዓመት ቆይቶ ከእሱ የመጣልኝ ደብዳቤ ሳይሆን መጽሐፍ ነው። «የሠላሳ ቀን ፈቃድ» ይላል። ከላይ የእሱ ስም ከነማዕረጉ።

ሲና ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ታነብልኝ ጀመር። አንድ ፖሊስ ፈቃዱን ሊያሳልፍ ሙቀት አገር ሄዶ ሆቴል ያርፋል። ጎረቤቱ ክፍል ያለ እንግዳ ተመርዞ ሞቶ ይገኛል። ፖሊሱ ማረፉን ትቶ ይመረምራል። የሆቴሏን ባለቤት እየወደዳት፣ እየወደዳት ይመረምራል። መጨረሻ ላይ ገዳይዋ እሷ ሆና ትገኛለች። በመሃል ሴትዮዋ የምትጽፋቸው ደብዳቤዎች አሉ፤ የኔ ናቸው። ከነትንፋሼ ነው የገቡት። የጥለቱ ነገር እንኳ አለ። መቶ አርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ያላልኩትን ሰማሁ። ሴትዮዋ ሕፃኗን ለእናቷ አልሰጠችም። ገና ሳይነጋ ጅብ የሚመላለስበት መንገድ ላይ አስቀምጣት ሄደች። አያትየዋ ናት ለቅሶ ሰምታ ያነሳቻት። ከሥሩ ፖሊሱ እንዲህ ይላል፦ «ልጇን ለጅብ የሰጠች ሴት፣ ለእንግዳ መርዝ ብትሰጥ ምን ይደንቃል?»

ሲና መጽሐፉን ዘጋችው። «እትዬ፣ ልብ ወለድ ነው እኮ» አለች።

ለሲና ልብ ወለድ ነው። ዝማሬ ግን ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏታል፤ የሚመሰክርልኝ የለም። መጽሐፉ እሷ ያለችበት ደብረ ታቦር ደርሶ ተማሪው ሁሉ ተቀባብሎታል። ያቺ ቁራጭ ጥለት ደግሞ ልጄ እጅ ናት፤ አያቷ አስቀምጣላት አድጋባታለች። ስደውልላት ድምጿ የሌላ ሰው ነበር።

«መጽሐፉን አንብቤዋለሁ» አለችኝ።

«ልጄ፣ የጅቡ ነገር ውሸት ነው። እናቴ እጅ ላይ ነው ያስቀመጥኩሽ።»

«ሌላው ሁሉ እውነት ሆኖ እሱ ብቻ እንዴት ውሸት ይሆናል?»

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ በየእንቁጣጣሹ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አታነሳውም።

ሌላ ሴት ብትሆን መጽሐፉን ታቃጥለዋለች። እኔ አምስት ቅጂ አስመጣሁ። ባንኮኒው ላይ ትልቅ ደብተር በሲባጎ አሰርኩና ሲናን ግድግዳው ላይ አስጻፍኳት፦ «አስተያየት ሳይጽፉ መጽሐፍ መመለስ ክልክል ነው።» ጁባ ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። ነጋዴውም ሹፌሩም ተሻማበት። ሰው «በዛብሽ የንባብ ፍቅር ያዛት» ብሎ ሳቀ። ምን እንደምፈልግ ለሲናም አልነገርኩም። አንድ ሰው ነበር የምፈልገው። «ይቺ ሴት ይሄን አታደርግም፣ እዚህ ላይ ጸሐፊው ዋሽቷል» ብሎ የሚጽፍ አንድ ሰው። ያንን ገጽ ቀድጄ ለልጄ እልካለሁ፣ አየሽ፣ የማያውቀኝ ሰው እንኳ አላመነም እላታለሁ ብዬ።

ጻፉ። ጅምላ ሻጩ ረፊቅ «ፖሊሱ ሠላሳ ቀን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የሻይ ሲከፍል አላየሁም። እኔ ያላመንኩት ይሄን ነው» አለ። የጭነት መኪና ሹፌሩ ጫኔ «የአይጥ መርዝ በሁለት ደቂቃ አይገድልም። ደራሲው አይጥ ገድሎ አያውቅም» አለ። ልብስ የምትነግደው ሰሚሃ ሁለት ገጽ ሞላች። «የሴትዮዋ ደብዳቤዎች አስለቀሱኝ፤ ወንድ ይሄን ከየት አመጣው? ጅቡ ጋ ስደርስ ግን እንባዬን ጠረግሁ። እናት አይደለችም። ስትታሰር አንጀቴ ራሰ» ይላል። ሰሚሃ ያን ቀን ምሳ እኔ ጋ ነበር የበላችው። ጨምሬ አቀረብኩላት።

ማንበብ የተማርኩት በዚያ ደብተር ነው። ሲና ፊደሉን በጣቷ እያሳየችኝ፣ ሳልደናቀፍ የጨረስኩት የመጀመሪያው መስመር «ይቺ ሴት መሰቀል ነበረባት» የሚል ነው። ሰማንያ ስድስት ሰው ጻፈ። በፖሊሱ ተጣሉ፣ በመርዙ ተከራከሩ። ጅቡን ሁሉም አመኑት።

* * *

ባለፈው ግንቦት፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ አንድ ረክሻ፣ የአገራችን ባጃጅ፣ በሩ ላይ ቆመ። ባምላክ ወረደ። ጢሙ ሸብቷል። ትከሻው ያው ነው። እኔ የድንች ሳህን ይዤ ደረጃው ላይ ነበርኩ። አየኝ፣ አየሁት። ሰባት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ከአፌ ጠፋ። የኔ ልብ የውሻ ልብ ነው፤ የመታውን ሰው ድምፅ ሲሰማ ጅራቱን ይቆላል።

«አራት ቁጥር ክፍት ነው?» አለ።

«ለስንት ቀን?»

«ፈቃድ ላይ ነኝ። ሠላሳ ቀን።»

ሲና ከኋላዬ «ዛሬስ ማን ሊሞት ይሆን?» አለች።

ሳቀላት። ገብቶ ግድግዳውን አነበበ። ደብተሩን ገለጠ፣ ቆሞ ገለጠ፣ ወንበር ስቦ ገለጠ። ረፊቅን ሲያነብ ከት ብሎ ሳቀ። ሰሚሃ ጋ ሲደርስ አልሳቀም፤ «ወንድ ይሄን ከየት አመጣው» የምትለው ላይ ጣቱ ቆመ፣ ከዚያ ቶሎ ገለበጠው። አየሁት። መጨረሻ ላይ ቀና ሲል ዓይኑ ረጥቧል።

«በዙ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለኔ ብለሽ ነው?»

በፍቅር ያደረግሁት መስሎታል። እሱ ሲሄድ እኔ ስሙን ባንኮኒ ላይ አስሬ የምሳለም መስሎታል። ድንቹን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ።

ወዲያው ያልነገርኩት ለምንድን ነው ብትሉኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ጠዋት ጠዋት ያ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እጄን አይቶ «ተቃጥለሻል እዚህ ጋ» ይለኛል፤ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ይነካዋል። የአርባ አምስት ዓመት ሴት ነኝ፣ ዘይት እያረረብኝ ቆሜ እቀራለሁ። ከሰዓት ማንጎው ሥር ጫኔና ረፊቅ ከበውት ደራሲ ደራሲ ይሉታል። ከመሃላቸው አሻግሮ እኔን ይፈልጋል፤ ዓይናችን ሲገናኝ ቀድሜ ዓይኔን የምሰብረው እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ ቅባት ጀመርሽ» አለችኝ ሲና።

«ፊቴ ደርቆ ነው።»

«ሰባት ዓመት ሲደርቅ የት ነበርሽ?»

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሽንኩርቱን እየላጠ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«እህቴ ዓምና ሞተች። የሚከለክለኝ የለም። ባሕር ዳር ቤት አለኝ፣ ጓሮ ያለው። አግቢኝ፣ በዛብሽ።»

ባሕር ዳር። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከዚያ ደብረ ታቦር የሁለት ሰዓት ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት መንገዱን ነው፣ ቀጥዬ እሱን። ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። ይሄ በጥያቄ የያዘኝ ሰው፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ «ልጅሽስ እንዴት ናት?» ብሎ አልጠየቀኝም።

«ልጄ መጽሐፍህን አንብባዋለች» አልኩት።

ፊቱ በራ። «እውነት? ምን አለች?»

«ለጅብ እንደሰጠኋት አወቀች። ሰባት ዓመት ሆነ፣ አታናግረኝም።»

ቢላው እጁ ላይ ቆመ።

«ስም ቀይሬ ነበር እኮ» አለ።

«ጥለቱን አልቀየርከውም።»

«በዙ፣ ስሚኝ። መጨረሻ ላይ ገዳይ የምትሆን ሴት አስቀድሞ ምልክት ይሰጣታል። አሠራሩ ነው። አለዚያ አንባቢ አያምንም።»

«አመነልህ። ሰማንያ ስድስቱም አመኑልህ።»

ወደ ባንኮኒው አየ። የደብተሩ ነገር አሁን ገባው። እንደዚያ ቀን ሰው ፊት ላይ ደስታ ሲሞት አላየሁም፤ አይቼ ደግሞ ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ። «ምንም ይሁን፣ ንገሪኝ።»

«ይሄ ቤት ሕግ አለው። መጽሐፉን የነካ ሁሉ ጽፏል። አንተ አልጻፍክም።»

«ምን ብዬ?»

«የኔ የቱ እንደሆነ፣ ያንተ የቱ እንደሆነ። ከነስምህ፣ ከነማዕረግህ።»

«ደብዳቤዎቹን ቁጭ ብዬ ፈጠርኳቸው ብያለሁ። በሬዲዮ ብያለሁ፣ በየመድረኩ ብያለሁ። አሁን ደግሞ ለቴሌቪዥን ድራማ ሊወስዱት ነው። ያ ወረቀት ከዚህ ከወጣ እኔ ሌባ ነኝ። ፖሊስ ሆኜ ሌባ።»

«እሺ። ተወው።»

ተነስቼ ድስቱን አማሰልኩ። ጀርባዬን እያየ ነው፤ ይሰማኛል።

«ብጽፈው አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ዞሬ አየሁት። ያንን ፊት ለአሥር ዓመት ወድጄዋለሁ።

«እሄዳለሁ» አልኩ። ስለው እውነቴን ነበር። ቢያንስ ግማሹን።

ባንኮኒው ላይ ቆሞ ጻፈ። ሲና ሻይ ማቅረብ ትታ ሳህን ታቅፋ ትጠብቃለች። ሲጨርስ ሊያነብልኝ አነሳው፤ ተቀበልኩት። ጣቴን እያስከተልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እሱ ፊት አነበብኩት።

«እኔ ኢንስፔክተር ባምላክ ነኝ። በዚህ መጽሐፍ ያሉትን ደብዳቤዎች የጻፈችልኝ በዛብሽ ናት። ሳላስፈቅዳት ወሰድኳቸው። ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ ያለው የእሷ አይደለም። ልጇን በእናቷ እጅ አስቀምጣ እንደሄደች ነበር የጻፈችልኝ። ጅቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ማንበብ ቻልሽ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር።

«አንባቢዎችህ አስተማሩኝ።»

ገጿን ከደብተሩ ቀደድኳት። ማክሰኞ ማናህሎሽ ወደ አገር በረረች፤ ጫማ የምታመላልስ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፣ የዝማሬን ቤት ታውቀዋለች። ባምላክ ለቅዳሜ ሁለት ቲኬት ቆረጠ። እኔ ሻንጣ ገዛሁ። ባዶውን አልጋዬ ላይ ከፍቼ ተቀመጥኩና እንደ ኮረዳ ለብቻዬ ሳቅሁ።

* * *

ዓርብ ከሰዓት ማናህሎሽ ደወለች።

«ሰጠኋት» አለች። «በር ላይ ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም። ግቢም አላለችኝ። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።»

«ምን?»

«‹ሰውየው አሁንም እናቴ ጋ ነው?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አላውቅም አልኳት። ምን ልበላት፣ በዙ?»

እናቴ ብላኛለች። በሰባት ዓመት ውስጥ፣ ለእኔም ባይሆን፣ ለማናህሎሽ ብላታለች። ከግቢ የባምላክ ድምፅ ይመጣል፤ ረፊቅን እያሳቀ ነው። ደስ የሚል ድምፅ ነው። ያን ያህል ደስ የሚል ድምፅ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ግቢው መሃል ቆመ። ረክሻው በር ላይ ነው። እኔ ሽርጤን ታጥቄ ወጣሁ።

«አልለበስሽም?» አለ።

«አልሄድም።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ሲናን አየ፤ ሲና ዓይኗን አሸሸች።

«ቃል ገብተሽልኛል።»

«ገብቻለሁ።»

«አስጽፈሽኝ ልትቀሪ ነበር። ከመጀመሪያው።»

«ከመጀመሪያው አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ነው።»

«አትወጂኝም?»

«እወድሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልጄ አንተ እኔ ጋ መሆንህን ጠየቀች።»

ተጠጋኝ። ቲኬቶቹ እጁ ላይ ተጨማደዋል።

«ስሜን ሰጠሁሽ» አለ። «ያለኝን ሁሉ በዚያች ወረቀት ሰጠሁሽ። ሰባት ዓመት ዘግታሽ ለኖረች ልጅ፣ በአንድ ቃሏ እኔን ታባሪኛለሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያውስ ልንገርሽ» አለ። ዓይኑ ተለወጠ፤ የሚመረምር ፖሊስ ዓይን ሆነ። «በእናትሽ እጅ ብታስቀምጫት፣ ጅብ መንገድ ላይ ብታስቀምጫት፣ ያው ነው። ጥለሻት ሄደሻል። የጻፍኩት ብዙ አልራቀም።»

ሲና «እግዚኦ» አለች ቀስ ብላ።

እኔ አልጮህኩም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቀመጥ ተሰማኝ፤ ከባድ ነገር፣ ቦታውን ያገኘ።

«ጥያት ሄጃለሁ» አልኩት። «አንተን ይዤ ብሄድ ሁለተኛዬ ይሆናል።»

ማልቀስ ጀመረ፤ ትልቅ ሰው፣ ኢንስፔክተር፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ። ክንዴን ዘርግቼ ልይዘው እጄ ተነስቶ ነበር። የተነሳውን እጄን በሌላኛው እጄ ያዝኩት። ሻንጣውን እኔው አንስቼ ረክሻው ላይ ጫንኩ። ለባለረክሻው «መታር» አልኩት፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ባምላክ ገብቶ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ቆሜ አየሁት። መንገዱ ሲታጠፍ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሲና ውኃ አመጣችልኝ። «እትዬ፣ ልጥራው? በቦዳ ሞተር እደርስበታለሁ። አንድ ቃል በይኝ።»

«ስልኬን አምጪልኝ።»

በዕድሜዬ በእጄ መልእክት ጽፌ አላውቅም። ፊደሎቹ ትናንሽ ናቸው፣ ጣቴ ወፍራም ነው። ሲና ልጻፍልሽ አለች፤ እምቢ አልኳት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። «ሰውየው እኔ ጋ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «እናትሽ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ጊዜ አየሁት። እሷ እስክትለኝ ብዬ፣ «እናትሽ» የሚለውን ፊደል በፊደል አጠፋሁትና በቦታው «በዛብሽ» ብዬ ላክሁት።